ዝና ያለፋቸው የአሜሪካ ባለ ጡንቻ መኪኖች

እ.አ.አ. በ2014 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ በተካሄደ ጨረታ አንዲት የ1971 ሥሪት ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ በ3 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ጣሪያዋ ተከፋች ስትሆን፣ ፋብሪካው በዚያ ዓመት በዚህ ዓይነት ከሠራቸው 11 መኪኖች አንዷ ነበረች። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን "ቡሊት" በተሰኘው የ1968 ፊልም ላይ የነዳት አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ፣ የአጫራቹን ድርሻ ጨምሮ 3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር አወጣች።

ሁለቱም መኪኖች አሜሪካውያን "መስል ካር" ብለው በጥቅሉ ከሚጠሩት፣ በአማርኛ "ባለ ጡንቻ መኪና" ሊባል ከሚችለው ወገን ናቸው። ስለዚህ ወገን በተነሳ ቁጥር ግን የሚደጋገሙት ጥቂት ስሞች ብቻ ናቸው፤ ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ቻርጀር፣ ቻሌንጀር፣ ጂቲኦ። በዚያው ዘመንና በዚያው ጎዳና ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን የሮጡ፣ አንዳንዶቹም የቀደሟቸው ሌሎች መኪኖች ነበሩ። የእነርሱ ስም የደበዘዘው በአቅም ስላነሱ አይደለም። አብዛኞቹን የሠራቸው ድርጅት ወይም የንግድ ስም ስለጠፋ፣ ታሪካቸውን በየጊዜው የሚያነሳ ወራሽ አጥተው ነው።

ትልቅ ሞተር በተራ መኪና

የባለ ጡንቻ መኪና አሠራር ረቂቅ አይደለም። ቤተሰብ ገበያ የሚሄድበትን መካከለኛ መኪና መውሰድ፣ ለትልልቆቹ የቅንጦት መኪኖች የተሠራውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከኮፈኑ ሥር ማስገባት፣ ዋጋውን ደግሞ አንድ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ በብድር ሊገዛው በሚችል ልክ መያዝ ነው። የሞተሮቹን መጠን ለመገመት ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የሚርመሰመሱትን ቶዮታ ቪትዞች ማሰብ ይበቃል። የቪትዝ ሞተር አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ የእነዚህ መኪኖች ግን ከአምስት ሊትር ተኩል እስከ ሰባት ሊትር ተኩል ይደርስ ነበር።

የዘመኑ መነሻ ተደርጋ የምትጠቀሰው በ1964 ገበያ ላይ የዋለችው ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። የፖንቲያክ ባለቤት የነበረው ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ይከለክል ነበር። በጆን ዴሎሪያን የሚመሩት የፖንቲያክ መሐንዲሶች ክልከላውን በብልሃት አለፉት። 389 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ትልቁን ሞተር አዲስ ሞዴል ብለው ሳይሰይሙ፣ ቴምፔስት በተባለችው መኪና ላይ ገዢው በተጨማሪ ክፍያ ሊያዝዘው የሚችል "ምርጫ" አድርገው አቀረቡት። ይሸጣል ተብሎ የታሰበው 5 ሺህ ያህል ነበር፤ በዓመቱ 32,450 ተሸጠ። በዚያው ዓመት ስለ መኪናዋ የተዘፈነ ዘፈን እንኳ በሬዲዮ ተወዳጅ ሆነ።

ጂቲኦ የመጀመሪያዋ ናት የሚለው አባባል ግን ሌላ መኪና ይዘላል። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1957፣ አሜሪካን ሞተርስ የተባለው ድርጅት "ራምብለር ሬቤል" የተሰኘች ብርማ ቀለም ያላት ባለ አራት በር መኪና አውጥቶ ነበር። በውስጧ 327 ኪዩቢክ ኢንች የሆነ፣ 255 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጥሞባታል። "ሞተር ትሬንድ" የተባለው መጽሔት በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች ሲፈትናት ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 7.5 ሰከንድ ብቻ ፈጀባት። በፈተናው ከእርሷ የፈጠነች አሜሪካዊት መኪና፣ ነዳጅ በግፊት የሚረጭ ሞተር የነበራት ሼቭሮሌት ኮርቬት ብቻ ነበረች። የአባወራ መኪና መስላ ከስፖርት መኪና የምትፎካከር፣ በመካከለኛ አካል ትልቅ ሞተር የተሸከመች ነበረች፤ ትርጉሙ ሁሉ ተሟልቶላት ነበር ማለት ነው። የተሠሩት ግን 1,500 ብቻ ናቸው፤ ያም ከዚያ በኋላ አልተደገመም።

የታናሹ ድርጅት ድፍረት

አሜሪካን ሞተርስ ያንን መንገድ የተወው በሌላ መንገድ ስለቀናው ነበር። ድርጅቱ በ1954 ናሽ እና ሃድሰን የተባሉ ሁለት አምራቾች ተዋህደው የፈጠሩት ሲሆን፣ ዋና መኪኖቹ የሚገጣጠሙት በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው የኬኖሻ ከተማ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጆርጅ ሮምኒ፣ በኋላ የሚሺጋን ገዥ የሆኑትና በ2012 ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደሩት የሚት ሮምኒ አባት፣ በትልልቅ መኪኖች ላይ ዘመቻ ከፈቱ። አነስተኛና ቆጣቢ የሆነችውን ራምብለርን አጥብቀው አስተዋወቁ፤ በ1961 ራምብለር በአሜሪካ ሽያጭ የሦስተኛነትን ደረጃ ያዘች። ነገር ግን ሮምኒ ወደ ፖለቲካ ከሄዱ በኋላ ሦስቱ ግዙፍ ድርጅቶች፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር፣ የራሳቸውን አነስተኛ መኪኖች አብዝተው አወጡ። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካን ሞተርስ በኪሳራ ውስጥ ገባ። ስሙም ከጡረተኞችና ከቁጠባ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

በ1967 የተሾሙት አዲሶቹ የድርጅቱ መሪዎች ወጣቱን ገዢ ለመሳብ የነበራቸው ገንዘብ፣ ፎርድ ለማስታወቂያ ብቻ ከሚያወጣው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ጃቭሊን የተባለችውን ባለ ሁለት በር መኪና የሙስታንግ ተፎካካሪ አድርገው አቀረቡ። ከዚያም በየካቲት 1968 ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረጉ። የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ዲክ ቲግ ጃቭሊንን በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳጥረው፣ የኋላ ወንበሯን አንስተው፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና አወጡ። ስሟ ኤኤምኤክስ ተባለ።

ኤኤምኤክስ በዚህ ጽሑፍ ከሚነሱት ሁሉ ይበልጥ ፍርድ የጎደለባት መኪና ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በወቅቱ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የምትመረት ሌላዋ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ኮርቬት ብቻ ነበረች፤ የኤኤምኤክስ መነሻ ዋጋ 3,245 ዶላር ሆኖ ከኮርቬት ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያነሰ ነበር። ትልቁ ሞተሯ 390 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ሆኖ 315 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ቁመቷ አጭር በመሆኑ መሪዋ ከዘመኑ ረጃጅም መኪኖች ይልቅ ቶሎ ይታዘዛል። ለሕዝብ ከመቅረቧ ጥቂት ቀደም ብሎ የፍጥነት ክብረ ወሰን ባለቤቱ ክሬግ ብሪድላቭ ከባለቤቱ ከሊ ጋር በቴክሳስ በሚገኝ ክብ የመፈተኛ ሜዳ ላይ እየተፈራረቁ በመንዳት 106 የፍጥነትና የርቀት ክብረ ወሰኖችን በዚህች መኪና አስመዘገቡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከ1968 እስከ 1970 በሦስት ዓመት የተሠሩት 19,134 ብቻ ናቸው። ፎርድ በ1966 በአንድ ዓመት ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ሙስታንጎችን እንደሠራ ሲታሰብ የልዩነቱ ስፋት ይገባል። የችግሩ ምንጭ መኪናዋ አልነበረችም። የኋላ ወንበር የሌላት መኪና ልጅ ላለው ገዢ አትሆንም፤ ወጣቱ ደግሞ አክስቱ ራምብለር የገዛችበትን ሱቅ ለፈጣን መኪና ብሎ አይረግጥም። የኬኖሻ መኪና ሻጮችም እንዲህ ያለውን ደንበኛ እንዴት እንደሚያናግሩ የለመዱ አልነበሩም።

ድርጅቱ በዚህ አልተመለሰም። እንዲያውም ድህነቱ አንዳንድ ጊዜ ወደ ቀልድ የቀረበ ድፍረት ሰጠው። በ1969 ኸርስት ከተባለው የማርሽ ዘንግ አምራች ጋር ሆኖ፣ የቁጠባ ምልክት የነበረችውን ትንሿን ራምብለር ወስዶ ያንኑ 6.4 ሊትር ሞተር ጨመረባት። ቀለሟ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ሲሆን፣ በኮፈኗ ላይ በተተከለው የአየር መሳቢያ ላይ አየሩ የሚገባበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ትልቅ ቀስት ተስሎበታል። ዋጋዋ 2,998 ዶላር ነበር። "ኤስሲ ራምብለር" የተባለችው ይህች መኪና መጀመሪያ በ500 ቁጥር የታሰበች ነበረች፤ ይህም በአጭር ርቀት ውድድር ፋብሪካ የሠራት ተራ መኪና ተብላ ለመመዝገብ የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ገበያው ሲጠይቅ ግን 1,512 ተሠሩ። በቀጣዩ ዓመት "ሬቤል ማሺን" የተሰኘችው 340 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና በ2,326 ቁጥር ወጣች። በ1971 ደግሞ "ሆርኔት ኤስሲ 360" ተከተለች፤ የእርሷ ቁጥር 784 ብቻ ነው።

በእሽቅድምድም ሜዳ የድርጅቱ ዕድል የተሻለ ነበር። በ1970 ሮጀር ፔንስኪ የተባሉትን የቡድን መሪና መሐንዲስ ሹፌሩን ማርክ ዶናሂውን ከተፎካካሪው ከሼቭሮሌት አስኮብልሎ አመጣቸው። በወቅቱ ሙስታንግና ካማሮ ይፎካከሩበት በነበረው "ትራንስ አም" ውድድር ጃቭሊን የ1971ን የአምራቾች ዋንጫ ወሰደች፤ በ1972ም ደገመችው። ይሁን እንጂ ድሉ ሲመጣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ከሜዳው እየወጡ፣ ተመልካቹም ትኩረቱን ወደ ሌላ እያዞረ ነበር። በፊልምም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1974 በወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ታይላንድ ውስጥ ወንዝ ስትሻገር በአየር ላይ አንድ ሙሉ ዙር ተገልብጣ በጎማዋ ያረፈችው መኪና የአሜሪካን ሞተርስ ሆርኔት ናት። ዝላዩ አስቀድሞ በኮምፒውተር የተሰላ ነበር። ዝላዩን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፤ የመኪናዋን ስም የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ኮፈኑን ያልከፈተ ያልጠረጠራት

ከአሜሪካን ሞተርስ ፈጽሞ የተለየ ታሪክ ያለው ቢዩክ ነው። ቢዩክ ድሃ አልነበረም፤ የሐኪሞች፣ የጠበቆችና የባንክ ሥራ አስኪያጆች መኪና ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ የጣለውን የሞተር መጠን ገደብ ለ1970 ሥሪት ሲያነሳ፣ የቢዩክ መሐንዲሶች 455 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7.5 ሊትር የሆነውን ሞተራቸውን "ግራን ስፖርት" በተባለችው መኪና ላይ ገጠሙ። በወረቀት የሰፈረው 350 የፈረስ ጉልበት ነው፤ "ስቴጅ ዋን" የተባለው የተሻሻለው ዓይነት ደግሞ 360። በወቅቱ 425 እና 450 የሚሉ ቁጥሮች ስለነበሩ ይህ ብዙ የሚያስደንቅ አልመሰለም።

ምስጢሩ በሌላው ቁጥር ላይ ነበር። የፈረስ ጉልበት መኪናዋ ፍጥነቷን ይዛ ስትሮጥ ያላትን አቅም ሲናገር፣ ሞተሩ ዘንጉን የሚያዞርበት የመጠምዘዝ ኃይል ደግሞ ከቆመችበት እንዴት ተወርውራ እንደምትነሳ ይናገራል። ጭነት የሞላ አይሱዙ ዳገት የሚወጣው በዚህ በሁለተኛው ነው። የቢዩክ ሞተር 691 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው፤ ያውም በደቂቃ 2,800 ዙር ላይ፣ ሞተሩ ገና ሳይጮህ። በዘመኑ ከነበሩ ባለ ጡንቻ መኪኖች የሚስተካከለው አልነበረም። የሞተሩ ብረት በቀጭኑ የተቀለጠ በመሆኑ ክብደቱ ከተፎካካሪዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ያነሰ ነበር፤ ስለዚህ የመኪናዋ አፍንጫ አይከብድም። "ሞተር ትሬንድ" መጽሔት በ1970 ሲፈትናት ሩብ ማይልን፣ ማለትም 402 ሜትርን፣ በ13.38 ሰከንድ ጨረሰች። ከዚህ የተሻለ ውጤት ያላቸው መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ ጫጫታቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ውስጣቸው ምቾት የሌለው ነበሩ። በቢዩክ ውስጥ ግን ሾፌሩ ከረባቱን ሳይፈታ፣ ሬዲዮውን እየሰማ ይህንኑ ማድረግ ይችል ነበር።

ድርጅቱ በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ "ጂኤስኤክስ" የተባለ ልዩ ዓይነት አወጣ። ቀለሟ ደማቅ ቢጫ ወይም ነጭ ብቻ ሲሆን ጥቁር መስመርና የኋላ ክንፍ አላት። የ1970ዎቹ 678 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ 400ዎቹ "ስቴጅ ዋን" ሞተር ነበራቸው። ዛሬ በጨረታ ዋጋቸው ከፍ ያለ ቢሆንም ከመኪና አፍቃሪዎች ክበብ ውጭ የሚያውቃቸው ሰው ማግኘት ያዳግታል። ቢዩክ እስከ ዛሬ ቢኖርም ትልቁ ገበያው ቻይና ሆኗል፤ የሚሸጠውም ጸጥታንና ምቾትን ነው። ወራሹ በሕይወት እያለ ውርሱን ያልፈለገበት ታሪክ ይህ ነው።

የኢንሹራንስ ዓረቦን የወለዳቸው

በ1960ዎቹ መጨረሻ ለአሜሪካ ወጣቶች ዋናው እንቅፋት የመኪና ዋጋ አልነበረም፤ የኢንሹራንስ ዓረቦን ነበር። በአሜሪካ መንገዶች በዓመት የሚሞተው ሰው ቁጥር በ1966 ከ50 ሺህ አልፎ ነበር። የራልፍ ኔደር መጽሐፍ ስለ መኪኖች ደኅንነት ከባድ ክርክር ካስነሳ በኋላ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ወጣ። ይህ ክርክር ያለ ምክንያት አልነበረም። አብዛኞቹ ባለ ጡንቻ መኪኖች የሞተራቸውን ጉልበት ያህል ፍሬን አልነበራቸውም። በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ይዘው የሚወጡ ብዙ ነበሩ፤ ታምቡሩ ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ከተያዘ በኋላ ይግልና መያዝ ያቆማል። ኢንሹራንስ ሰጪዎች የመኪናውን ጉልበት ከክብደቱ ጋር እያነጻጸሩ፣ በተለይ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነውን ገዢ ከፍተኛ ተጨማሪ ማስከፈል ጀመሩ።

አምራቾቹ ያገኙት መላ ትንሽ የሚመስል ግን ትንሽ ያልሆነ መኪና መሥራት ነበር። ከሁሉ የተሳካላት ፕሊመዝ ደስተር 340 ናት። በ1970 የወጣችው ደስተር፣ ቫሊያንት የተባለችውን የአባወራ መኪና ከፊት ለፊት እንዳለች ይዛ የኋላ አካሏን ብቻ የለወጠች ነበረች፤ ለዚህም ነው ዋጋዋ የረከሰው። 5.6 ሊትር የሆነው ሞተሯ በይፋ 275 የፈረስ ጉልበት ተጻፈለት፤ እውነተኛው ጉልበት ከዚያ እንደሚበልጥ ግን የዘመኑ መካኒኮች በሰፊው ይናገሩ ነበር። መነሻ ዋጋዋ 2,547 ዶላር ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት 24,817 ተሸጡ። ክብደቷ ቀላል ስለነበር ሩብ ማይልን 15 ሰከንድ ሳይሞላ ትጨርሳለች። የገዛ እህቷን፣ በዚህ ጽሑፍ መግቢያ የተጠቀሰችውን ኩዳን የወለደችውን ባራኩዳን፣ በዋጋም በሽያጭም የጎዳቻት እርሷ ናት። በጨረታ ግን ሚሊዮኑን የምታገኘው ኩዳ ናት፤ ደስተር የብዙኃን መኪና ሆና ቀረች። ብዙ የተሠራና በርካሽ የተሸጠ ነገር ተነድቶ ያልቃል። ወጣቶች ገዙት፣ አጋጩት፣ ሸጡት፤ ዝገት ደግሞ የቀረውን ጨረሰ።

ኦልድስሞቢልም በዚያው ዓመት ራሊ 350 የተባለች መኪና አቀረበ። ባምፐሯና ቸርኬዋ ሳይቀሩ በአንድ ዓይነት ደማቅ ቢጫ የተቀቡ ነበሩ። 310 የፈረስ ጉልበት ያለው መለስተኛ ሞተሯ ከኢንሹራንስ ቅጣት እንድታመልጥ የታሰበ ነበር። የተሠሩት 3,547 ናቸው። ገዢው ቢጫውን ባምፐር አልወደደውም፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓት ደግሞ በዚያው በቢጫው ባምፐር ምክንያት ነው።

በታላቅ ወንድም ጥላ ሥር

የፎርድ ታናሽ የንግድ ስም የነበረው ሜርኩሪ ስለ ወንድማማች ፉክክር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1967 ኩገር የተባለችውን፣ ከሙስታንግ ረዘም ያለችና የተሻለ የውስጥ አጨራረስ ያላትን መኪና አወጣ። "ሞተር ትሬንድ" መጽሔት የዓመቱ መኪና ብሎ መረጣት። ዳን ገርኒና ፓርኔሊ ጆንስን የመሳሰሉ ስመ ጥር ሹፌሮች ተቀጥረውላት በዚያው ዓመት ወደ ትራንስ አም ውድድር ገባች። በውድድሩ መጨረሻ ሙስታንግ 64፣ ኩገር 62 ነጥብ ያዙ። በሁለት ነጥብ ተሸነፈች ማለት ነው። ፎርድ ለታናሹ ቡድን የሚሰጠውን ድጋፍ ከዚያ በኋላ አቋረጠ፤ ሁለት ቡድን እርስ በርስ እንዲፎካከር ገንዘብ ማውጣት ለድርጅቱ ትርጉም አልነበረውም። ሳይክሎን የተባለችው ሌላዋ የሜርኩሪ መኪናም በ1968 በኬል ያርቦሮ እጅ የዴይቶና 500ን ውድድር አሸንፋለች። የ1970 ሳይክሎን ስፖይለር 370 የፈረስ ጉልበት ያለው 7 ሊትር ሞተር ነበራት፤ በዚያ ዓመት የተሠሩት 1,631 ናቸው።

መዝጊያው

የዘመኑ መጨረሻ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የመኪና ጭስን በእጅጉ መቀነስ ግዴታ አደረገ። እርሳስ ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ስለሚመጣ ጄኔራል ሞተርስ በ1971 የሞተሮቹን የማመቅ መጠን ዝቅ አደረገ፤ ጉልበታቸውም አብሮ ወረደ። በ1972 ደግሞ የፈረስ ጉልበት የሚለካበት መንገድ ተለወጠ። ቀድሞ ሞተሩ ብቻውን በመፈተኛ ላይ ይለካ የነበረው፣ አሁን ማርሚታውና ሌላው ዕቃ ሁሉ ተገጥሞለት መለካት ጀመረ። በዚህ ምክንያት ሁለት መኪኖችን በቁጥር ብቻ የሚያወዳድር ሰው ዓመቱን ካላየ ይሳሳታል፤ የ1971 እና የ1972 አኃዞች የተለካቸው በተለያየ ሚዛን ነው።

ከዚያ በጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገራት ማዕቀብ መጣ። የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ። ይኸው ንረት አዲስ አበባም ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ሳቢያ አድማ መቱ፤ አድማው ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ተቃውሞ ጋር ተዳምሮ ከሰባት ወር ገደማ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ላወረደው አብዮት አንዱ መነሻ ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ በየማደያው ረጃጅም ሰልፎች ተሠለፉ፤ በ1974 የአገሪቱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ሆነ። በዚያው ዓመት የጃቭሊን ምርት ቆመ።

አሜሪካን ሞተርስ ከዚያ በኋላ በፈረንሳዩ ሬኖ ገንዘብ ጥቂት ዓመታት ቆየ። በ1987 ክራይስለር ገዛው፤ የፈለገው ግን ጂፕ የተባለውን የንግድ ስም ነበር። በ1988 መጨረሻ በኬኖሻ የመኪና መገጣጠሚያው ተዘጋ፤ ከአምስት ሺህ በላይ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ለከተማዋ የቀረላት የሞተር ፋብሪካው ብቻ ነበር፤ እርሱም በ2010 ሥራ አቆመ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉ። ፕሊመዝ በ2001፣ በ1897 የተመሠረተው ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክ በ2010፣ ሜርኩሪ በ2011 መጀመሪያ አከተሙ።

ሙስታንግ ምርቷ ተቋርጦ አያውቅም። ቻርጀር፣ ቻሌንጀርና ካማሮ ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በአዲስ መልክ ተመልሰዋል፤ አዲሶቹን ለመሸጥ በወጣው ማስታወቂያ ሁሉ የአሮጌዎቹ ምስል አብሮ ታየ። ቻርጀር በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎችና "ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ" በተሰኙት ፊልሞች አዲስ ትውልድ አገኘች። ጂቲኦ ከዚህ ትንሽ ትለያለች፤ ፖንቲያክ ቢሞትም ስሟ ቀድሞ በዘፈን ተተክሎ ነበር። ለኤኤምኤክስ፣ ለደስተር ወይም ለሳይክሎን ግን እንዲህ የሚያደርግላቸው አልነበረም።

ስማቸው መደብዘዙ ለገዢ አንድ ጥቅም አለው። በጥሩ ይዞታ ላይ ያለች ኤኤምኤክስ ዛሬም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ትገኛለች፤ ከሄሚ ኩዳ ጋር የሚያገናኛት የዋጋ መሰላል የለም። የሜካኒክ መለዋወጫዋን ማግኘትም ከሚታሰበው ይቀላል። ታናሹ ድርጅት ሁሉንም ነገር ራሱ ለመሥራት አቅም ስላልነበረው የመሪ፣ የኤሌክትሪክና የመሳሰሉትን ዕቃዎች ከሌሎች አምራቾች ይገዛ ነበር፤ እነዚህ ዕቃዎች ዛሬም በገበያ ላይ አሉ። አስቸጋሪው የላሜራው፣ የመብራቱ ሽፋንና የውስጥ ጌጡ ነገር ነው። ለሙስታንግ ሙሉ አካል እንደ አዲስ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ለኤኤምኤክስ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ አሮጌ ኤኤምኤክስ ፈልጎ መፍታት ያስፈልጋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው የማስመሰል ሥራ ነው። ተራዋን ግራን ስፖርት ቢጫ ቀብቶ፣ መስመርና ክንፍ ጨምሮ ጂኤስኤክስ ማስመሰል ከባድ አይደለም። በቀለም የማይታለል ገዢ የሞተሩን ማኅተም ቁጥር ከመኪናዋ መለያ ቁጥር ጋር ያስተያያል፤ የክራይስለር ሥሪት ከሆነች ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ትእዛዟ የተጻፈበት፣ አንዳንዴም ከመቀመጫ ሥር ተረስቶ የሚገኘው ወረቀት መኖሩን ይጠይቃል። የኤኤምኤክስ ዳሽቦርድ ላይ የተለጠፈችውን ቁጥር የያዘች ትንሽ ሳህን ግን የምርት ተራ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ቁጥሮቹ ያለ ቅደም ተከተል የተለጠፉ ናቸው፤ ከመለያ ቁጥሩም ጋር አይገናኙም።